ልጄ አልፋኝ ወደ እናቷ ሄደች

ከአዳማ አንድ አባት ጽፈውልኛል። አሳጥሬ ላቅርበው።

«የተሳቢ ሾፌር ነኝ። የጅቡቲ መስመር ነው የምሠራው። አንዳንዴ ሁለት ሳምንት፣ ወደብ ላይ ወረፋ ከበዛ ደግሞ ከዚያም በላይ ከቤት እርቃለሁ። የ12 ዓመት ወንድና የ7 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። ባዶ እጄን ገብቼ አላውቅም። እረፍት ካገኘሁም ሶደሬ ወስጄ አዝናናቸዋለሁ። ባለፈው ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ ትንሿ ልታስፈርም ደብተሯን ይዛ መጣች። እጄን ዘረጋሁ። አልፋኝ ኩሽና ወዳለችው እናቷ ሄደች። ትልቁ ደግሞ ሰላም ካለኝ በኋላ ከስልኩ ቀና አይልም። ሚስቴ ‹ልጆች ናቸው፣ ተዋቸው› ትላለች። እኔ ግን በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንኩ። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ ከትንሿ እንጀምር። ደብተሩን ወደ እናቷ የወሰደችው ሁሌም የምትፈርመው እናቷ ስለሆነች ነው። የለመደችውን አደረገች። እርስዎን ለማስቀየም አስባበት አይመስለኝም።

ሜሪ አይንስወርዝ የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነበረች። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኡጋንዳ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞረች እናቶችንና ሕፃናትን አጥንታለች። በኋላ አሜሪካ፣ ባልቲሞር ከተማ ውስጥ ሥራዋን ስትቀጥል በጣም ያስተዋለችው እናት ለጥቂት ደቂቃ ወጥታ ስትመለስ ልጁ የሚያሳየውን ነው። አንዳንዶቹ ሕፃናት እናታቸው ስትገባ ፊታቸውን አዙረው መጫወቻቸውን ይነካካሉ። ለሚያያቸው ምንም የመሰላቸው አይመስሉም። ሌሎች ተመራማሪዎች የልብ ምታቸውን ሲለኩ ግን ልባቸው በፍጥነት ይመታ ነበር። እነዚያ የአንድ ዓመት ሕፃናት ናቸው፤ ነገሩ እንዳለ ለ7 ዓመት ልጅ አይሠራም። ቢሆንም ፊቱን ያዞረ ልጅ ሁሉ ናፍቆት የለውም ማለት እንዳልሆነ ያሳየናል።

ሶደሬን አይተዉት፤ ልጆቹም ይወዱታል። ብዙ አይጠብቁበት እንጂ። ባርባራ ፊዝ የምትባል ባለሙያ ከባልደረቦቿ ጋር በ2002 (እ.ኤ.አ.) ስለ ቤተሰብ ልማዶች የተሠሩ የ50 ዓመት ጥናቶችን ሰብስባ ገምግማ ነበር። አብሮ መብላት፣ ከመኝታ በፊት የሚደረግ ነገር፣ እንዲህ ያለው ተራ ልማድ ከልጆች ጤናም፣ ከትምህርታቸውም፣ ከባልና ሚስት መስማማትም ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። የእርስዎም ቤት እንዲህ ያለ ልማድ አላጣም። ችግሩ እርስዎ በሌሉበት ተጀምሮ እርስዎ በሌሉበት የሚቀጥል መሆኑ ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ ሆነውም የማይቋረጥ አንድ ነገር ያስፈልግዎታል።

በስልክ ምን እንደሚባባሉ ልገምት? «ደህና ነሽ? ትምህርት እንዴት ነው? እናትሽን እንዳታስቸግሪ። በይ ስጫት።» እሷም «እሺ» ብላ ስልኩን ታቀብላለች። እርስዎ ናፍቀው ነው የደወሉት፤ ልጅቷ ግን የምትሰማው ጥያቄና ትእዛዝ ነው።

እንቆቅልሽ ይጀምሩ። በቀን አንድ ብቻ፣ ከእራት በፊት። «እንቆቅልሽ!» ሲሏት «ምን አውቅልህ!» ትላለች። «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?» ውሃ መሆኑን ካወቀች አወቀች። ካቃታት አገር ትስጥ። እዚህ ላይ ሥራዎ ይጠቅመናል። መተሃራ፣ አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሰመራ፣ ጋላፊ፤ ለዚህ ጨዋታ ይህን ያህል አገር ያለው አባት ብዙ አይገኝም። ያን ቀን ያደሩበትን ከተማ ይጠይቋት፤ «ሚሌን ሰጥቼሃለሁ» ትበልዎት። በዚያውም አባቷ የት እንዳለ ታውቃለች። በነጋታው እሷ ትጠይቅ፣ እርስዎ ይሸነፉ። አባቱ ሲሸነፍ የማይስቅ ልጅ እስካሁን አላጋጠመኝም። እንቆቅልሽ ካለቀብዎት ረዳቱን ይጠይቁ።

ኔትወርክ በሌለበት በቴሌግራም ድምፅዎን ይቅዱላት፤ መስመር ሲገኝ ይደርሳታል። እየነዱ ግን በፍጹም አይደውሉ። መኪናው ይቁም፣ ሞተሩ ይጥፋ። በዚህ አልደራደርም።

«ቅዳሜ እመጣለሁ» የሚለውንም ይተዉት። የወደቡ ወረፋ በእርስዎ እጅ አይደለም። ቅዳሜ በር በሩን ስታይ የዋለች ልጅ እሁድ ሲመጡ ብታኮርፍ አይፍረዱባት። «ጋላፊን ሳልፍ እደውልልሻለሁ» ይበሏት፤ ይሄ በእጅዎ ነው።

አሁን ወደ ቤት እንግባ። «ቆይ አባትሽ ይምጣ!» የሚባል ማስፈራሪያ ቤታችሁ አለ? እናት ብቻዋን ሁለት ልጅ ስትይዝ ይሄ ቢያመልጣት አልፈርድባትም። ግን ልጆቹ አባታቸውን ሲጠብቁ ቅጣትም አብረው ይጠብቃሉ። ባለቤትዎን በፍቅር ያነጋግሯቸው፤ የልጆቹ ጥፋት እዚያው በዕለቱ ይለቅ። እርስዎም በገቡበት ምሽት ውጤት አይጠይቁ፣ ደብተር አይፈትሹ፣ ስልክ አይቀሙ። ይታጠቡ፣ ይብሉ፣ ቡናው ይፈላ። እጅ የምታስታጥበው ትንሿ ከሆነች ከሁሉ በፊት ጉርሻ ለእሷ ይሁን። ነገር ሁሉ ለነገ ይደር።

ደብተሩን ከእንግዲህ እኔ ልፈርም እንዳይሉ ደግሞ። እሱ የእናትና የልጅ ቦታ ነው፤ ከገቡበት ትጨነቃለች። ለራሳችሁ ሌላ ይፈልጉ። አዳማ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ጠዋት ዳቦ ለመግዛት አብራችሁ ውጡ። ባጃጅ አይያዙ፣ በእግራችሁ ሂዱ። ቤት ባሉበት ቀን ሁሉ ይሁን፣ አንድ ቀን እንኳ ቢሆን የሚያድሩት።

ትልቁን በእንቆቅልሽ አያገኙትም፤ ይስቅብዎታል። የ12 ዓመት ልጅ ፊት ለፊት አስቀምጠው «ምን ሆነሃል?» ሲሉት «ምንም» ነው መልሱ። ሥራ ይስጡት። መኪናው የቆመበት ይዘውት ይሂዱ። ጎማ አብሮ ይይ፣ ዘይት ይለካ፣ መስታወት ይጥረግ። እጁ ሥራ ሲይዝ አፉ ይፈታል። ዝም ካለም ዝም ብላችሁ ሥሩ። በየመጡበት ይድገሙት፤ ብቻ «ጓደኞችህን ትተህ ና» አይበሉት፣ ሰዓቱን እሱ ይምረጥ።

ልጅቷ እንቅልፍ ካጣች፣ መብላት ካቆመች፣ ትምህርቷ በአንዴ ካሽቆለቆለ ግን ለእንቆቅልሽ አይተዉት፤ ጤና ተቋም ወይም ባለሙያ ጋ ይውሰዷት። ከጻፉልኝ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደረቅ ይሆናሉ። «አላውቅም» ብላ ስልኩን ለእናቷ ልትሰጥ ትችላለች። እንዳይቆጡ፣ እንዳያባብሉም። «እሺ፣ መልሱን ነገ እነግርሻለሁ» ብለው ይዝጉ። በነጋታው በዚያው ሰዓት ይደውሉ።