ፒኤልሲ ይቅደም ወይስ ፓይተን?

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ኢንጂነር «ስማርት ፋብሪካ ውስጥ መሥራት እፈልጋለሁ፤ ፒኤልሲ ልጀምር ወይስ ፓይተን?» ብላ ጠየቀችኝ። ፒኤልሲ የፋብሪካ ማሽንን የሚያዝ ኮምፒውተር ነው፤ ፓይተን ደግሞ የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ። መልሱ አጭር ነው፤ ፒኤልሲ። ጥያቄዋ ግን የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

ሥራ በጀመርኩበት ጊዜ አንድ የዘይት መሙያ መስመር ወደ አውቶማቲክ ይለወጥ ተባለ። እኔ የቡድኑ ትንሹ ነበርኩ። መስመሩ ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ኦፕሬተር ነበሩ፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ጠዋት ማሽኑን ከማስነሳታቸው በፊት የእጃቸውን ጀርባ ቧንቧው ላይ ያሳርፋሉ። ከዚያ ቫልቩን ትንሽ ይነካኩታል። ከሰዓት በኋላ መጥተው እንደገና ይነካኩታል። ለምን ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። አለቆቹ የሽማግሌ ልማድ አድርገው አዩት።

አዲሱ ፒኤልሲ ተገጠመ። ቫልቩ ለተወሰነ ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ጠርሙሱ ያልፋል። በሙከራው ቀን ሁሉም አጨበጨበ፤ ጋሼም ወደ መጋዘን ተዛወሩ። ብዙም ሳይቆይ ጠዋት የሚሞላው ጠርሙስ ይጎድል፣ ከሰዓት የሚሞላው ደግሞ ይፈስ ጀመር። ሴንሰር ተቀየረ። ኬብል ተቀየረ። ፕሮግራሙ ከላይ እስከ ታች ተፈተሸ፤ ምንም አልተገኘበትም። ነገሩ ያለው ዘይቱ ላይ ነበር። ዘይት ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፣ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ በእኩል ጊዜ እኩል አይወርድም። ጋሼ በእጃቸው ሲለኩ የኖሩት ሙቀቱን ነው! በኋላ ቧንቧው ላይ የሙቀት ሴንሰር ገብቶ፣ የቫልቩ ጊዜ ከሙቀቱ ጋር እንዲለዋወጥ ሲደረግ መስመሩ ተስተካከለ። ይህ ሲገባን እሳቸው ጡረታ ወጥተዋል። ሌላ ምን ያውቁ እንደነበር ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ላፕቶፑን ከመክፈታችሁ በፊት ማሽኑ አጠገብ ቁሙ። አንድ ሙሉ ፈረቃ ቁሙ። ኦፕሬተሩ እጁ የት የት እንደሚሄድ እዩ።

ፒኤልሲ ራሱ የተወለደው የሠራተኛውን እውቀት አክብሮ ነው። የመኪና አምራቹ ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1968 የሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያና ማጥፊያ) ሰሌዳዎችን የሚተካ መሣሪያ ሲፈልግ፣ ኢንጂነር ዲክ ሞርሊና ባልደረቦቹ ሞዲኮን 084 የተባለውን ፒኤልሲ ይዘው መጡ። ፕሮግራሙ የሚጻፍበት ላደር የሚባለው ሥዕል ኤሌክትሪሺያኖች ድሮም ከሚያነቡት የሪሌይ ሥዕል የተወሰደ ነው። የሪሌይ ሰሌዳ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ከእኛ መካከል አንዱ ቴክኒሻን ቀጭ ቀጭታውን ሰምቶ ብቻ የተበላሸውን ያውቅ ነበር።

ዛሬ የማየው ወጣት በቀለም የደመቀ ዳሽቦርድ ይወዳል። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ስጠይቀው ግን ዝም ይላል። ብዙ የፋብሪካ ሴንሰሮች ልካቸውን ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር በሆነ የኤሌክትሪክ ጅረት የሚልኩት ለምን ይመስላችኋል? ከ0 ቢጀምር ኖሮ «ታንኩ ባዶ ነው» እና «ሽቦው ተበጥሷል» የሚሉት አንድ ዓይነት ይነበቡ ነበር። ይህን ያልተረዳ ሰው በተበጠሰ ሽቦ ላይ ቆንጆ ግራፍ ይሠራል። በአንድ ነገር ግን እቀናባችኋለሁ። እኛ አለማወቃችንን እንደ ነውር ደብቀን ነው ያደግነው፤ እናንተ ያለ ሐፍረት ትጠይቃላችሁ።

ማሽን አጠገብ ቁሙ ብያለሁ፤ ፋብሪካ እስክትቀጠሩ ግን እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትጠብቁ። ኮድሲስ የሚባለውን የፒኤልሲ ፕሮግራም መጻፊያ ሶፍትዌር ዛሬ ማታ ጫኑ። በነፃ ይገኛል፣ ፕሮግራሙን ያለ ማሽን የምትሞክሩበት ማስመሰያም አለው። ፓይተኑ ማሽኑ ያጠራቀመውን መረጃ ማንበብ ስትፈልጉ ይደርሳል።

የመጀመሪያ ልምምዳችሁ አንድ ሞተር ማስነሳትና ማቆም ይሁን። የማቆሚያው ቁልፍ ሳይነካ ምልክት የሚልክ፣ ሲነካ የሚቋረጥ ይሁን፤ ያኔ ሽቦው ቢበጠስም ሞተሩ ይቆማል። ማስመሰያው ላይ ምልክቱን አጥፉት፣ ሞተሩ መቆሙን እዩ። ከዚያ መልሱት። ሞተሩ በራሱ ከተነሳ ፕሮግራሙን እንደገና ጻፉት፤ እጁን ማሽኑ ውስጥ ያስገባ ሰው ሊኖር ይችላል።