«ሠርቷል፤ ግን ለምን እንደሠራ አላውቅም» ላልሽኝ እህቴ

ከኮዬ ፈጬ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። መጀመሪያ ለሌሎቹ አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ልንገራቸው።

ጸሐፊዋ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቃ ጎሮ አካባቢ አንዲት ትንሽ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። ድርጅቱ ታካሚ ከሐኪም ጋር በብሮውዘር በድምፅ የሚነጋገርበትን ሲስተም ይሠራል። ጥሪው ይጠራል፣ ይነሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ሳምንታት ከታገለች በኋላ ኢንተርኔት ላይ ያገኘችውን አንድ መስመር ተርን በሚባለው ድምፅ አስተላላፊ ሰርቨር ማስተካከያ ፋይል (ኮንፊግ) ውስጥ ጨመረች። ድምፁ መጣ፣ አለቃዋም አመሰገናት። አሁን አባቷ «የባንክ ማስታወቂያ ወጥቷል፣ ተመዝገቢ» ይሏታል። ወንድሟ «ሰርተፍኬት ያዢ» ይላታል። የኮንዶሚኒየሙን ወርሃዊ ዕዳ የምትከፍለው እሷ ናት። እሷን እንቅልፍ የነሳት ግን ሌላ ነው፦ «ሠርቷል፤ ግን ለምን እንደሠራ አላውቅም። አንድ መስመር ኮፒ ያደረገ ሰው ባለሙያ ነኝ ማለት ይችላል?»

አይችልም። ገና አይችልም። ግን ይህን ጥያቄ የሚጠይቁ ልጆች ጥቂት ናቸው። አብዛኛው ሰው ነገሩ ከሠራለት ዞር ብሎም አያየውም። አንቺ ደግሞ ወደ መልሱ በጣም ቀርበሻል። ስለዚህ ዛሬ እዚሁ ላይ እንቆያለን።

የቤታችሁ ዋይፋይ ለስልክሽ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ በ192.168 የሚጀምር የውስጥ አድራሻ ነው። «ከኮሪደሩ መጨረሻ ያለው ቤት» እንደማለት ነው፤ ብሎኩ ውስጥ ለሚኖር ሰው ይገባዋል፣ ከውጭ ለመጣ እንግዳ ግን ምንም አይነግረውም። በሞባይል ዳታም ብዙ ጊዜ ያው ነው፤ አንድን የውጭ አድራሻ ብዙ ደንበኞች ይጋሩታል። ስለዚህ ጥሪ ሲጀመር ሁለቱም ወገኖች ሊገኙባቸው የሚችሉ አድራሻዎችን ይሰበስባሉ። አንዱ የራሳቸው የውስጥ አድራሻ ነው። ሌላውን ስታን ሰርቨር ይነግራቸዋል፤ ከውጭ ሲታዩ አድራሻቸው ምን እንደሆነ። ሦስተኛው ተርን ሰርቨር ከራሱ ላይ የሚያውሳቸው አድራሻ ነው፤ ቀጥታ መገናኘት ካልተቻለ ድምፁ በእሱ በኩል ያልፋል። ከዚያ ዝርዝሩን ይለዋወጣሉ፣ ጥንድ ጥንድ እያደረጉ ይሞክራሉ፣ የሠራውን ይይዛሉ። አይስ የሚባለው ድርድር ይኸው ነው።

አሁን ወደ አንቺ መስመር እንምጣ። ሰርቨራችሁ ጀርመን፣ ክላውድ ላይ ነው ብለሻል። ብዙ ክላውዶች ላይ ማሽኑ የሚያውቀው የውስጥ አድራሻውን ብቻ ነው። የውጭ አድራሻው ያለው ከማሽኑ ውጭ፣ በክላውዱ ኔትወርክ ላይ ነው። ተርን ሰርቨሩን ለሚያሠራው ሶፍትዌር፣ ለኮተርን፣ ይህን ካልነገርሽው የውስጥ አድራሻውን ለደዋዮች ያድላል። ከውጭ ሆኖ እዚያ አድራሻ ላይ መድረስ የሚችል ደግሞ የለም። ታዲያ ስልኩ እንዴት ጠራ? የመጥሪያው መልእክት በሌላ መንገድ፣ በድረ ገጻችሁ ሰርቨር በኩል ስለሚሄድ ነው። ተነስቶ ዝም የሚለው ለዚህ ነው። የጨመርሽው የኤክስተርናል አይፒ መስመር ሰርቨሩ ትክክለኛውን የውጭ አድራሻ እንዲሰጥ አደረገው። አለቀ።

ይህን ለአባትሽ በአማርኛ ማስረዳት ከቻልሽ ግማሹን መንገድ ሄደሻል። ቀሪው ግማሽ ሆን ብለሽ ማበላሸት ነው። በእርግጥ ታካሚ በሚጠቀምበት ሰርቨር ላይ አይደለም፤ በትንሽ የሙከራ ሰርቨር ላይ ነው። ሁለት ስልክ ያዢ፤ አንዱ በኢትዮ ቴሌኮም ዳታ፣ ሌላው በሳፋሪኮም። ቢሮ ውስጥ ሁለቱንም በአንድ ዋይፋይ አድርገሽ ብትሞክሪ ድምፁ ብዙ ጊዜ በቀጥታ ስለሚሄድ ተርን ሰርቨሩ ጭራሽ አይነካም። ብዙ ቡድን የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፤ «እኛ ጋ ይሠራል» ይላሉ፣ ሰበታ ያለው ታካሚ ግን ምንም አይሰማም። ስለዚህ ለሙከራ ያህል የአንዱ ስልክ ብሮውዘር በሪሌይ፣ ማለትም በተርን ሰርቨሩ በኩል ብቻ እንዲሄድ አስገድጂው። ከዚያ ያቺን መስመር አጥፊና ሎጉን (ሰርቨሩ የሠራውን የሚጽፍበትን መዝገብ) አንብቢ። መልሺያትና ሰርቨሩ ለሚያውሳቸው አድራሻዎች የሚጠቀምባቸውን ከ49152 እስከ 65535 ያሉ የዩዲፒ ፖርቶች (ድምፅ የሚገባባቸውን በሮች) ፋየርዎሉ ላይ ዝጊ፤ የተርኑ ዋና በር 3478 ክፍት ሆኖም ድምፅ እንዴት ሊጠፋ እንደሚችል ታያለሽ። ቀጥሎ ዩዲፒን በሙሉ የሚዘጋ ቢሮ አለ ብለሽ አስቢና ድረ ገጾች በሚጠቀሙበት በ443 ፖርት፣ በቲኤልኤስ ተመስጥሮ እንዲያልፍ አድርጊ። ጥሪው ልክ 10 ደቂቃ ላይ ከተቋረጠ ደግሞ ከሰርቨሩ የተዋሳችሁት አድራሻ ሳይታደስ እንደቀረ ጠርጥሪ። ኪራዩ ካልታደሰ በተለምዶ 600 ሰከንድ ነው።

የላክሽልኝን ኮንፊግ አይቼዋለሁ። የተርኑን ፓስወርድ ገጹ ኮድ ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጣችሁታል። ገጹን የከፈተ ማንኛውም ሰው ያየዋል፤ ለራሱ ትራፊክ ቢጠቀምበት ሂሳቡ የሚመጣው ለእናንተ ነው። ጊዜው ሲያልፍ በሚሞት ፓስወርድ ቀይሩት። ሰርቨሩ ወደ ውስጥ አድራሻዎች ትራፊክ እንዳያሳልፍም ከልክሉት፤ አለበለዚያ ወደ ውስጥ ኔትወርካችሁ መግቢያ በር ይሆናል። ይህን ዛሬውኑ አድርጉት፤ የሕመምተኛ ጉዳይ ነው።

ይህን ሁሉ ስትጨርሺ ሁለት ገጽ ጻፊ፦ ምን ተበላሸ፣ እንዴት አገኘሁት፣ ለምን ሠራ። ያቺ ጽሑፍ ከሲቪሽ ጋር ትሂድ። እኔ ሥራ የጀመርኩት የቢሮ ስልክ ጥገና ላይ ነው፤ ማዞሪያውን ከፍቼ መስመር እየተከተልኩ። ሰው የሚጠራኝ የጠፋ ድምፅ አገኛለሁ ብሎ ነበር እንጂ ወረቀቴን የጠየቀኝ አልነበረም። ኢንተርቪው ላይ «የኔትወርክ እውቀት አለኝ» የሚል ብዙ ሰው ይመጣል። «ጥሪ ተነስቶ ድምፅ ሲጠፋ ከየት እንደምጀምር ላሳያችሁ» የምትል ልጅ ግን ትታወሳለች።

ለዚህ ነው አሁን ባንክ አትግቢ የምልሽ። ባንክ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ትልቅ ቤት ውስጥ አዲስ ሠራተኛ ዋናውን ሰርቨር እስኪነካ ድረስ ዓመታት ሊጠብቅ ይችላል። አንቺ ደግሞ ዛሬ ሙሉውን ሲስተም በእጅሽ ይዘሻል። ፈተናውን መፈተን ከፈለግሽ ተፈተኚ፤ ሥራሽን ግን ለእሱ ብለሽ አትልቀቂ።

የቤቱን ነገር በግልጽ ልናገር። ዕዳው የአባትሽ ነው፤ የሚኖርበት ደግሞ ሁላችሁም ናችሁ። ሥራ ያላቸው ሁለት ወንድሞች እያሉ ሙሉውን ክፍያ አንቺ ላይ መጣል ትክክል አይደለም። ትንሿና ሴት ልጅ ስለሆንሽ እምቢ አትይም ተብሎ የተተወልሽ ይመስለኛል። ወንድሞችሽ ባሉበት ተቀመጡና «ከዚህ ወር ጀምሮ የምችለው ይህን ያህል ነው» ብለሽ ቁጥሩን ተናገሪ። አባትሽ ይቆጡ ይሆናል። ይቆጡ። ባንክ ግቢ የሚሉሽም የክፍያው ቀን ስለሚያስጨንቃቸው ነው፤ ክፍያው ከተከፋፈለ ጭንቀቱም ይቀላል።

ሰርተፍኬቱ ይቆይ፤ አሁን ያለሽን ገንዘብ ለአንዲት ትንሽ የሙከራ ሰርቨር አውጪው። የጠዋቱ የታክሲ ሰልፍ የሚገድልሽ ከሆነ በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት ልሥራ ብለሽ ጠይቂ፤ ሥራሽ ይፈቅዳል። «የውጭ ጥሪ በኢንተርኔት ተቀብለን በሀገር ውስጥ ሲም እናስተላልፍ» ካለሽ ሰው ግን ራቂ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ለዚህ እስራት አለው።

ደሞዝሽን በተመለከተ፣ አለቃሽ ጋ ባዶ እጅሽን አትግቢ። ድምፁ በአንድ አቅጣጫ 50 ኪሎቢት በሰከንድ ይወስዳል እንበል። ሰርቨሩ ከሁለቱም ሰዎች ይቀበላል፣ ለሁለቱም ይልካል፤ ስለዚህ አንድ ጥሪ 100 ኪሎቢት ያስወጣዋል። 100 ጥሪ በአንድ ጊዜ በሪሌይ ቢያልፍ 10 ሜጋቢት በሰከንድ፣ በሰዓት 4.5 ጊጋባይት ይወጣል። ብዙ ክላውድ የሚያስከፍለው በሚወጣው ዳታ ነው፤ የእናንተን ዋጋ አይተሽ አባዢው። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለንግግር የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊሰከንድ በታች ቢሆን ይመርጣል። ቦሌ ያለው ሐኪምና ሰበታ ያለው ታካሚ በጀርመን በኩል ሲነጋገሩ ስንት እንደሚሆን ለኪ፤ ሰርቨሩ አዲስ አበባ ቢሆን ምን እንደሚለወጥም ጨምሪበት። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪ፣ አስረጂው፣ ከዚያ የምትፈልጊውን ደሞዝ ንገሪው።