መጀመሪያ የቱን የሴፍቲ ሰርተፍኬት ልውሰድ ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አየሁት። በአካባቢ ጤና ዲግሪ አለሽ። ፋብሪካ ውስጥ ሴፍቲ ኦፊሰር ሆነሽ ሶስት ዓመት ሰርተሻል። አሁን አለቃሽ «ዓለም አቀፍ ሰርተፍኬት ያስፈልግሻል» ብሎሻል። ኔቦሽ፣ አይኦሽ፣ ኦሻ፣ ሲኤስፒ፣ ሊድ ኦዲተር የሚሉት ስሞች ግራ አጋብተውሻል። አንዱን ከያዝሽ በኋላ ትምህርቱ ያበቃ እንደሆነም ጠይቀሻል። እኔ በዚህ ሙያ ቆይቻለሁ፤ ሰው ለመቅጠርም ኢንተርቪው ላይ እቀመጣለሁ። ከሁለቱም ወገን ያየሁትን ልንገርሽ።

አጭሩ መልስ ይኸውልሽ፦ በአንቺ ቦታ ብሆን በኔቦሽ ኢንተርናሽናል ጄኔራል ሰርተፍኬት ጀምሬ ወደ ሲኤስፒ (ሰርቲፋይድ ሴፍቲ ፕሮፌሽናል ወደሚባለው የሙያ ማረጋገጫ) እሄድ ነበር። ምክንያቱ ግን ትንሽ ይረዝማል።

ስሞቹ በአንድ መደዳ የሚቀመጡ አይደሉም። የአሜሪካ መንግስት የስራ ደህንነት ተቆጣጣሪ ከሆነው ከኦሻ ልጀምር። የ10 ሰዓቱ ስልጠና ለሰራተኛ ነው፤ የ30 ሰዓቱ ለሱፐርቫይዘርና የደህንነት ሃላፊነት ላለበት ሰው። ስትጨርሺ ካርድ ይሰጥሻል። ጥሩ መግቢያ ነው፣ አልንቀውም። ግን የሚያስተምረው የአሜሪካን ሕግ ነው። ኦሻ ራሱም ይህ ሰርቲፊኬሽን እንዳልሆነ በግልጽ ይናገራል። ስለዚህ ሲቪሽ ላይ «ኦሻ ሰርቲፋይድ» ብለሽ እንዳትጽፊ። ነገሩን የሚያውቅ ጠያቂ ከገጠመሽ ገና ከበሩ ይጥልሻል። ሌላም ልብ በይ። በዚህ ፕሮግራም በአንድ ቀን ከ7 ሰዓት ተኩል በላይ ማስተማር አይፈቀድም። «የ30 ሰዓቱን በሁለት ቀን እንጨርስልሻለን» የሚል ማስታወቂያ ካየሽ ሂሳቡን ራስሽ ስሪው።

አይኦሽ እ.ኤ.አ. በ1945 የተመሰረተ የእንግሊዝ የሙያ ማህበር ነው። ዋናው ነገሩ አባልነት ነው፤ ደረጃ በደረጃ ወጥተሽ ቻርተርድ አባል ትሆኛለሽ። «ማኔጂንግ ሴፍሊ» የሚባለው ታዋቂ ኮርሱ ግን የተዘጋጀው ለስራ አስኪያጆችና ለሱፐርቫይዘሮች ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ከአንቺ ይልቅ አለቃሽ ቢወስደው ስራሽ በጣም ይቀል ነበር።

ኔቦሽ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1979 የተቋቋመ የፈተና ቦርድ ነው። የሚያስተምሩሽ ከእሱ ጋር የሚሰሩ ማሰልጠኛዎች ናቸው፤ ሰርተፍኬቱን የሚሰጥሽ ግን እሱ ነው። ጄኔራል ሰርተፍኬቱ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው መጽሐፍ ከፍተሽ የምትሰሪው ፈተና ነው። ስለ አንድ ድርጅት ረዘም ያለ ታሪክ ይሰጥሻል፤ አንቺም መልስሽን ከዚያ ታሪክ በወጣ ማስረጃ ትደግፊዋለሽ። «መጽሐፍ ከተከፈተማ ቀላል ነው» ብሎ የገባ ሰው እዚህ ጋ ነው ጉድ የሚሆነው። ከመጽሐፍ ቃል በቃል መገልበጥ ነጥብ አያመጣም።

ሁለተኛው ክፍል እውነተኛ የስራ ቦታ ላይ የምትሰሪው ሪስክ አሰስመንት ነው፤ ሰው ላይ ጉዳት ሊያደርስ የሚችለውን ነገር (ሃዛርድ ይባላል) እየለዩ አደጋውን መመዘንና መፍትሔ ማስቀመጥ ማለት ነው። እኔ የምወደው ይህን ነው። እስቲ አንድ መስመር እንይ። ብረት ሲሞርድ የሚውል ሰራተኛ አለ እንበል። ብዙ ሰው «ከፍተኛ ድምጽ አለ፤ ሰራተኛው የጆሮ መከላከያ ያድርግ» ብሎ ያልፋል። ይህማ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ማሳሰቢያ ነው። ድምጹ ስንት ዴሲቤል ነው? በቀን ስንት ሰዓት ይሞርዳል? አጠገቡ ቆሞ ዕቃ የሚቆጥረውስ ሰው? ብረቱ ተቆርጦ ተስተካክሎ እንዲመጣ ማድረግ አይቻልም? ያነሰ ድምጽ ያለው ማሽን የለም? ቦታውን መከለልስ? ሰራተኞች እንዲፈራረቁ ማድረግስ? የጆሮ መከላከያ የሚመጣው ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከዚያም ማን፣ እስከ መቼ እንደሚያስተካክለው ይጻፋል። ይህን በየሃዛርዱ ስትደጋግሚው እይታሽ ይቀየራል። ሶስት ዓመት ፋብሪካ ውስጥ መዋልሽም እዚህ ጋ ይክስሻል።

ወደ ሲኤስፒ እንምጣ። የሚሰጠው ቢሲኤስፒ የሚባል የአሜሪካ ቦርድ ነው፤ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ፣ የ4 ዓመት ልምድና ቦርዱ የሚቀበለው ሌላ ማረጋገጫ ቀድሞ መያዝ ይጠይቃል። ያንን ይኸው ቦርድ በሚሰጠው ኤኤስፒ በሚባል ቀደም ያለ ደረጃ ማረጋገጫ ማሟላት ትችያለሽ፤ ለእሱ ዲግሪሽና የ1 ዓመት ልምድ ይበቃል። የኔቦሽ ኢንተርናሽናል ዲፕሎማም በሩን ይከፍታል። ልምድ ሲባል ግን ቢያንስ ግማሹ ስራሽ ሴፍቲ መሆን አለበት። መዝገቡ ላይ «ሴፍቲ» ተብለሽ ውሎሽ ግን ሰዓት መቆጣጠርና ዕቃ ግዢ ከሆነ ችግር ነው። የስራ ዝርዝርሽንና ሪፖርቶችሽን ከአሁኑ ሰብስቢ።

አየር መለካት፣ ድምጽ መለካት፣ የኬሚካል ተጋላጭነት ማስላት የሚስብሽ ከሆነ ምክሬን ተዪው። ያኔ መንገድሽ የኢንዱስትሪያል ሃይጂን ነው፤ ትልቁ ማረጋገጫም ሲአይኤች ይባላል። የድርጅትን የሴፍቲ አሰራር የሚመረምር ቡድን መምራት የሚያስተምረውን ሊድ ኦዲተርን ግን አሁን አትቸኩዪበት። ምርመራው የሚመራበት ዓለም አቀፍ የስራ ደህንነት መስፈርት አይኤስኦ 45001 እ.ኤ.አ. በ2018 ወጥቶ የቀድሞውን ኦኤችሳስ 18001ን ተክቷል፤ ኮርሱም ብዙውን ጊዜ 5 ቀን ነው። ኦዲት ውስጥ የምትሳተፊ ከሆነ ይጠቅምሻል። ካልሆነ ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ይተኛል።

ሁለተኛው ጥያቄሽ፣ «ያበቃል ወይ?» የሚለው ነው። የኔቦሽ ሰርተፍኬት ጊዜ አያልፍበትም። ሲኤስፒ ግን በየ5 ዓመቱ ከስልጠናና ከመሳሰሉት 25 ነጥብ አሟልተሽ የምታድሺው ነው። ሃዝዎፐር የሚባለውን የአደገኛ ቆሻሻ ስልጠና የወሰደ ደግሞ በየዓመቱ የ8 ሰዓት ማደሻ አለበት። ብዙዎች እድሳቱን ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው ብለው ያማርራሉ። አልፎ አልፎ እኔም እነጫነጫለሁ። ግን ቁጥሮቹ ዝም ብለው አይቀመጡም። ኦሻ የሲሊካ አቧራን ገደብ እ.ኤ.አ. በ2016 በአንድ ሜትር ኩብ አየር ወደ 50 ማይክሮግራም አወረደው። ከዚያ በፊት ተምሮ ደብተሩን የዘጋ ሰው ዛሬም በአሮጌው ቁጥር ሰውን «ደህና ነህ» ይላል።

ቁጥሩ ባይቀየር እንኳን የማን ቁጥር እንደሆነ ማወቅ አለብሽ። ያ ብረት ሞራጅ 100 ዴሲቤል ውስጥ ይሰራል እንበል። በኦሻ ሕግ 2 ሰዓት ይፈቀድለታል። ናዮሽ የሚባለው የዚያው አገር የምርምር ተቋም ግን ከ15 ደቂቃ በላይ እንዳይቆይ ይመክራል። ኦሻ 8 ሰዓት ከሚፈቅድበት ከ90 ዴሲቤል ተነስቶ በየ5 ዴሲቤሉ ሰዓቱን በግማሽ ይቀንሳል፤ ናዮሽ ያንኑ 8 ሰዓት ከ85 ተነስቶ በየ3ቱ። ጆሮው ያው አንድ ጆሮ ነው። እኔ ሁልጊዜ ጠበቅ ያለውን ይዤ ነው ከአለቆች ጋር የምከራከረው።

ስለ መዝገብ አያያዝ አንድ ነገር ልበል። የተማርሽውን ሁሉ በአንድ ኤክሴል ፋይል ያዢ፦ ቀን፣ ርዕስ፣ ስንት ሰዓት፣ ማስረጃው የት እንዳለ። ከሁሉም የሚበልጠው የመጨረሻው ዓምድ ነው፤ «ስራ ላይ ምን ቀየርኩበት?» የሚለው። የእኔ ፋይል ላይ ለምሳሌ «የኬሚካል ማከማቻ ዌቢናር» ከሚለው ጎን «በረኪናና አሲድ የተለያየ ክፍል ገቡ» ይላል። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ክሎሪን ጋዝ ይወጣልና። ይህ ዓምድ ባዶ ሆኖ ከተደጋገመብሽ የስልጠና ምርጫሽን መልሰሽ እዪው። ዌቢናሩን ከፍቶ ሌላ ስራውን የሚሰራ ሰው ስንት አለ መሰለሽ! ፋይሉን አደራጅተሽ ያዢው፤ ቦርዱ ማስረጃ አምጪ ሊልሽ ይችላል።

«የዕድሜ ልክ ዓለም አቀፍ ሰርተፍኬት በአንድ ቀን» ከሚሉት ራቂ። ከመመዝገብሽ በፊት የማሰልጠኛውን ስም ራሱ ኔቦሽ ድረ ገጽ ላይ ፈልጊው። ቢሲኤስፒም የባለ ማረጋገጫዎቹን ስም ዝርዝር ለሁሉም ክፍት አድርጎታል፤ ቀጣሪዎች እዚያ ገብተን እናያለን። ሰው የሚያረጋግጥ ተቋም አይኤስኦ 17024 በሚባለው መስፈርት እውቅና እንዳለውም ጠይቂ። አሰልጣኙም ፈታኙም ሰርተፍኬት ሻጩም አንድ ሰው ከሆነ እለፊው።

ወረቀቱ ኢንተርቪው ድረስ ያደርስሻል። ከዚያ በኋላ እኔ የምጠይቀው እንዲህ ያለውን ነው፦ ሰው ወደ ታንከር ከመግባቱ በፊት ጋዝ ሲለካ ለምን ኦክስጅን ይቀድማል? «ሰው እንዳይታፈን» ይሉኛል። ልክ ነው፤ ከ19.5 በመቶ በታች ከሆነ አይገባም። ግን ሌላም ምክንያት አለ። የተለመደው የሚቀጣጠል ጋዝ መለኪያ በቂ ኦክስጅን ከሌለ የተሳሳተ ቁጥር ያሳያል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ኦክስጅን፣ ቀጥሎ ተቀጣጣይ ጋዝ፣ ቀጥሎ መርዛማ ጋዝ ነው። ይህን የሚመልሱልኝ አብዛኞቹ መለኪያውን በእጃቸው የያዙ ናቸው። የጥገና ክፍሉ ሰዎች ታንከር ሲከፍቱ አብረሻቸው ውረጂ፣ ፐርሚቱን (የመግቢያ ፈቃድ ወረቀቱን) ራስሽ ሙዪ።

ክፍያውን ድርጅትሽ እንዲሸፍንልሽ ጠይቂ፤ ሃሳቡ ከአለቃሽ ነው የመጣው። ውል ካስፈረሙሽ ለስንት ጊዜ እንደሚያስርሽና ፈተናው ካላለፈ ማን እንደሚከፍል አንብቢ። የፋብሪካሽን ዓይነትና ውሎሽ በብዛት ምን ላይ እንደሆነ ደግሞ እዚሁ ጻፊልኝ። ኬሚካል ወይም አቧራ የሚበዛበት ከሆነ ስለ ሲአይኤች ያልኩትን ዘርዝሬ እመለስበታለሁ።