ፓይኑ ለምን ይደርቃል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

የፓይን ዛፌ ቅርንጫፎች ከጫፋቸው እየቀሉ ይደርቃሉ፤ ግንዱም ሙጫ ያንጠባጥባል። ምን ነክቶት ነው?

ሁለቱ ምልክቶች አብረው ሲመጡ ቶሎ የሚጠረጠረው ፒች ካንከር የተባለው በሽታ ነው። አምጪው ፊውዛሪየም ሰርሲናተም የሚባል ፈንገስ ነው። ከቅርፊቱ ሥር ያለውን ሕያው ክፍል ሲገድል ዛፉ ሙጫ እያፈሰሰ ይከላከላል። ቁስሉ ቅርንጫፉን ከዞረው ግን ውሃ ወደ ጫፉ አይደርስም፤ ቅጠሉ ቀልቶ ይረግፋል። ቅርፊቱን በቢላ ገለጥ ቢያደርጉ እንጨቱን የማር ቀለም ይዞ በሙጫ ርሶ ያገኙታል። ጫፍ የሚያደርቁ ሌሎች ፈንገሶችም ስላሉ፣ ቁርጡ የሚታወቀው ናሙናው ላብራቶሪ ሲመረመር ነው።

በሽታውን ያዛምታሉ የሚባሉትን ጥንዚዛዎች ብገድል አይቆምም?

አይቆምም። በካሊፎርኒያ እንደታየው የቅርንጫፍ፣ የፍሬና የቅርፊት ጥንዚዛዎች ከታመመ እንጨት ሲወጡ የፈንገሱን ስፖር (እንደ ዘር የሚራባበትን ደቃቅ ብናኝ) በአካላቸው ይዘው ወደ ጤነኛው ይሄዳሉ፤ እነሱ የቦረቦሩትም ቁስል ለፈንገሱ መግቢያ ይሆነዋል። ነገር ግን ዓይነታቸው ብዙ ነው፤ አብዛኛውን ዕድሜያቸውንም መድኃኒት በማይደርስበት ከቅርፊት በታች ያሳልፋሉ። ስፖሩ ደግሞ በነፋስና በዝናብም ይጓዛል። በረዶ ወይም መጋዝ ያቆሰለው ዛፍ ያለ ጥንዚዛም ይያዛል።

የታመመውን ቅርንጫፍ ብቆርጠውስ?

ለመልኩ ከሆነ ይቁረጡ፤ ፈውስ ግን አይጠብቁ። ጥንዚዛ በማይንቀሳቀስበት ቀዝቃዛ ወቅት ቢሆን ይሻላል፤ መጋዙንም ከዛፍ ዛፍ ሲሄዱ በበረኪና ወይም በአልኮል ያጽዱ። ፈንገሱን ከዛፉ የሚያወጣ መድኃኒት እስካሁን የለም።

መጥረቢያ ለማንሣት ግን አይቸኩሉ። ሞንቴሬይ ፓይን በተባለው የፓይን ዝርያ ላይ የተደረገው ክትትል ክፉኛ የታመሙ አንዳንድ ዛፎች እያገገሙ መምጣታቸውን አሳይቷል፤ በሽታውን ደጋግሞ የቀመሰ ዛፍ መከላከያው የሚበረታበት ጊዜ አለ። እኔ ብሆን፣ ሰው ላይ የመውደቅ ስጋት ከሌለው፣ ጥቂት ዓመታት እታገሠው ነበር።

ይህ በሽታ ከየት መጣ?

መጀመሪያ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1946 በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ነው። በ1986 ካሊፎርኒያ ሳንታ ክሩዝ ተገኘ፤ የሞንቴሬይ ፓይን የተፈጥሮ ደን ደግሞ በዋናው ምድር የቀረው እዚያው ካሊፎርኒያ ጠረፍ ላይ ነውና ድንጋጤው ቀላል አልነበረም። በ1990 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በአንድ ችግኝ ጣቢያ ታየ፤ ቺሊና ስፔንም አልቀረላቸውም። ውቅያኖስ የሚሻገረው በጥንዚዛ ክንፍ አይደለም፤ በዘርና በችግኝ ነው። ዘሩ ውጪው ጤነኛ መስሎ ፈንገሱን ሊይዝ ይችላል። ከሚተከለው ዛፏ ከ10 ዘጠኙ ያህል ይኸው ሞንቴሬይ ፓይን የሆነው ኒውዚላንድ የዘርና የችግኝ ኳራንቲኗን (ከውጭ የሚገባውን ለይቶ ማቆየትና መመርመርን) የምታጠብቀው ለዚህ ነው። ጥንዚዛውን ከሚረግሙት ይልቅ ሻንጣውን የሚፈትሹት ይሻላሉ ባይ ነኝ።

የተቆረጠውን እንጨት ማገዶ ላድርገው?

እዚያው ያንድዱት። ከነቅርፊቱ ወደ ሌላ አካባቢ ከወሰዱት ጥንዚዛውንም ፈንገሱንም አብረው አጓጓዙ ማለት ነው።

ጽጌረዳዎቼን ይነካብኝ ይሆን?

አይነካም። ከፓይን ውጪ ካሉት ዛፎች በሽታው ይዞት የሚታወቀው ዳግላስ ፈር የተባለው የፓይን ዘመድ ነው፤ እሱም ቀለል ይልለታል።