ለፌቭር፣ ፋብር እና ቀጥቃጩ

ጥያቄ፦ አንኮበር ውስጥ እንግዶችን አስጎበኛለሁ። በቅርቡ አንድ ፈረንሳዊ መጥቶ ነበር፤ የቤተሰብ ስሙ ለፌቭር ነው። «ቀጥቃጭ ማለት ነው» ሲለኝ ክው አልኩ። እኛ ጋ ስድብ ነው፤ እሱ ግን ኮራ ብሎ ነው የነገረኝ። ከሱ በፊት የመጣ ፋብር የሚባል እንግዳም ያንኑ ብሎኝ ነበር። ዘመዳሞች ይሆኑ? ስሙስ ከየት መጣ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንግዶችህ እውነታቸውን ነው። ስሙ የመጣው «ፋቤር» ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ ባለ እጅ ማለት ነው። በድሮው ፈረንሳይኛ «ፌቭር» ሆኖ ለቀጥቃጭ ብቻ ቀረ። ፊት የገባችው «ለ» እኛ «ቀጥቃጩ» ስንል መጨረሻ ላይ የምናመጣትን ነው የምትተካው።

በመካከለኛው ዘመን በየመንደሩ ዣን የሚባል ሞልቶ ነበር። «የትኛው ዣን?» ሲባል «ቀጥቃጩ!» ይባላል። ቅጽሉ ቀስ በቀስ ከአባት ወደ ልጅ ተላለፈ። እ.ኤ.አ. በ1539 ንጉሥ ቀዳማዊ ፍራንሷ ክርስትና የተነሣ ሁሉ በመዝገብ እንዲጻፍ ሲያዝ ደግሞ ስሙ ይበልጥ ጸና። ልጁ ዳቦ ጋጋሪ ቢሆንም ለፌቭር ነው።

ሲጽፉት መሐሉ ላይ የማይነበብ «ብ» ይጨምሩበታል። የጥንት ጸሐፊዎች ላቲኑን ለማስታወስ ብለው ያስገቧት ናት።

አሁን ክው ወዳልክበት ልምጣ። ልጅ ሆኜ አባቴ ማረሻ ሊያስቀጠቅጥ ሲሄድ እከተለው ነበር። ሰውየው ወናፉን ያስነፋኛል። የጋለውን ብረት በጉጠት ይዞ ሲያገላብጥ፣ መዶሻው ሲያርፍበት ፍንጣሪው እግሬ ሥር ይወድቃል። ያ ማረሻ ባይኖር ቤታችን ጾሙን ያድር ነበር። ግን ሰውየውን ቡዳ ነው የምንለው፤ ቤቱ ገብተን እህል አንቀምስም። አንጎለላ የተወለዱት አፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብ እንዲቀር በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር። እኔ ያየሁት ከዚያ ስንት ዘመን በኋላ ነው። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ዝምድናውን በተመለከተ፣ ስሙ ብቻውን ዘመድ አያደርጋቸውም። ቀጥቃጭ የማያስፈልገው መንደር ስላልነበረ ስሙ በየቦታው ለየብቻው ነው የበቀለው። ለፌቭር በብዛት የሰሜን ፈረንሳይ ነው። ፋብር እና ፎር የደቡብ ናቸው። ወደ ስዊዘርላንድ ድንበር ፋቭር ይላሉ። በሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ ካለችው ብሪታኒ «ለ ጎፍ» የሚባል እንግዳ ከመጣልህም የሱም ስም በዚያው አገር በብሬቶን ቋንቋ ቀጥቃጩ ማለት ነው።