ክፉ ወገኖች በልጆች ምናባዊ ልብ ወለድ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በልጆች ምናባዊ ልብ ወለድ ውስጥ ጀግናው የሚዋጋቸው ወገኖች በእርግጥ ክፉዎች ናቸው? ወይስ ደራሲው ክፉ ናቸው ስላለን ብቻ ተቀብለን ነው?

መልስ፦ በመጀመሪያ በፈቃድ የሚገባበትን ቡድን በልደት ከሚገኝበት ወገን መለየት ያስፈልጋል። በሃሪ ፖተር ታሪኮች የክፉው ጠንቋይ የቮልድሞርት ዋነኛ ተከታዮች ዓላማውን እያወቁ፣ ምልክቱንም በክንዳቸው ተቀብለው የተሰለፉ በመሆናቸው ቡድኑን ክፉ ብሎ መጥራት ፍርደ ገምድልነት አይደለም። በተረት እንደ ጭራቅ የሚሳሉት ኦርክ ወይም ጎብሊን ሆኖ የተወለደ ግን የመረጠው ነገር የለም፤ እንዲህ ያለው ፍጡር አደገኛ ሊሆን ቢችልም ጥፋተኛ ነው ለማለት ያስቸግራል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት፣ በልደቱ ክፉ የሆነ ወገን የሚያቀርብልን ደራሲ ክፋቱ ከየት እንደመጣ የመንገር ዕዳ አለበት።

ጥያቄ፦ ይህን ዕዳ የከፈለ ደራሲ አለ?

መልስ፦ አለ፤ ያውም ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ጆርጅ ማክዶናልድ በ1872 ባሳተመው «ልዕልቷና ጎብሊኑ» ውስጥ ጎብሊኖቹ ቀድሞ እንደ ሌላው ሕዝብ ከምድር በላይ ይኖሩ እንደነበር፣ ንጉሡ ግብር ስላከበደባቸው ወይም በሌላ መንገድ ስለጨከነባቸው ወደ ዋሻ እንደወረዱና መልካቸውም በትውልዶች ብዛት እንደተለወጠ በአፈ ታሪክ መልክ ይነገረናል። ልዕልቷን ጠልፎ የመውሰድ ሤራቸው ክፉ ነው፤ ቂማቸው ግን ምክንያት አለው። መጽሐፉ ሲያበቃም ከጥፋቱ ከተረፉት የሚበዙት ጠባያቸው እየለዘበ እንደሄደ ይተርካል።

ጥያቄ፦ የቶልኪን ኦርኮችስ? እነርሱም ተበዳዮች ናቸው ሊባል ነው?

መልስ፦ ተበዳዮች ናቸው ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ይህ ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ነው። ቶልኪን ጽኑ ካቶሊክ ስለነበር ክፋት ያለውን ያበላሻል እንጂ ሕይወትን ሊፈጥር አይችልም ብሎ ያምን ነበር፤ ከ1954 እስከ 1955 በታተመው «የቀለበቶቹ ጌታ» ውስጥም ዋናው ገጸ ባሕርይ ፍሮዶ ይህንኑ ሐሳብ ስለ ኦርኮች ይናገራል። እንግዲህ ተበላሽተው የተገኙ ከሆነ ቀድሞ ደህና የነበረ ነገር በውስጣቸው አለ ማለት ነው፤ ታዲያ ሊመለሱ አይችሉም? ደራሲው የአመጣጣቸውን ነገር እስከ ዕድሜው ማብቂያ ድረስ ደጋግሞ ቢያስብበትም አንድ መቋጫ ላይ አልደረሰም።

የእኔን ፍርድ የሚደግፈው ግን የሁለት ኦርክ አለቆች ጭውውት ነው። ሻግራትና ጎርባግ ስለ በላዮቻቸው እያማረሩ፣ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ከጥቂት ታማኞች ጋር ወጥተው አለቃ በሌለበት ስለ መኖር ያልማሉ፤ ጠላት ጓደኛውን ጥሎ መሄዱንም እንደ ነውር ይቆጥሩታል። ወዲያው ግን የራሳቸውን ጓድ በአንዲት ግዙፍ ሸረሪት ወጥመድ ተንጠልጥሎ፣ ነፍሱ ሳትወጣ ትተውት እንደሄዱ እየሳቁ ያወራሉ። ስለዚህ ደጉን ከክፉ ለይተው ያውቃሉ፤ የጎደላቸው ሕጉን በራሳቸው ላይ መጠቀም ነው። ይህ ደግሞ የኦርክ ብቻ ጉድለት ስላልሆነ እነዚህን ገጸ ባሕርያት ከጭራቅነት ይልቅ ወደ ሰው ያቀርባቸዋል።

ጥያቄ፦ በሃሪ ፖተር ታሪኮች ያሉት ስሊዘሪኖችስ?

መልስ፦ ስሊዘሪን በጠንቋዮች ትምህርት ቤት ያለ የተማሪዎች ምድብ እንጂ የክፉዎች ማኅበር አይደለም። ተማሪው በ11 ዓመቱ ይመደብበታል፤ ቮልድሞርትን ከድቶ የሞተው ሬጉለስም ሆነ በመጨረሻው ጦርነት የተፋለመው ስለግሆርን ከዚያው የወጡ ናቸው።

ጥያቄ፦ ከክፉው ወገን አንድ ደግ ሰው ማሳየት በቂ አይደለም?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ በቂ አይደለም። በሲ. ኤስ. ሌዊስ የናርኒያ ታሪኮች ውስጥ ያሉት የጠላት አገር ሰዎች፣ ካሎርመኖች፣ ጥቁር ቆዳ፣ ጥምጥምና ጎራዴ ያላቸው፣ አንባቢው በእውኑ ዓለም ካሉ ሕዝቦች ጋር በቀላሉ የሚያመሳስላቸው ናቸው። በ1954ቱ መጽሐፍ አራቪስ የተባለችው ልጃገረድ፣ በ1956ቱ ደግሞ ኤሜት የተባለው ወጣት መኮንን ጨዋነታቸው ጎልቶ ይታያል፤ ሆኖም አራቪስ አገሯን ጥላ ትኮበልላለች፣ ኤሜትም ያገለግለው የነበረው አምላክ ሐሰተኛ መሆኑ ይነገረዋል። ግለሰቡ ነፃ ሲወጣ በወገኑ ላይ የተሰጠው ፍርድ ሳይነካ ይቀራል። በብራያን ጄክስ የሬድዎል ተከታታይ መጻሕፍት ውስጥም አይጠ መጎጦችን የመሳሰሉ እንስሳት ከጥቂቶች በቀር በዘራቸው ክፉ ናቸው፤ በ1995 በወጣው መጽሐፍ በደጎች መካከል ያደገው፣ ከክፉዎቹ ወገን የተወለደው ቬይል እንኳ ክፉ ሆኖ ያድጋል። አሳዳጊውን አድኖ ከሞተም በኋላ እርሷ ራሷ መጥፎ እንደነበረ ትደመድማለች፤ ይህን መጨረሻ ፈጽሞ አልወደድኩትም።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያሉትን መጻሕፍት ለልጆች መከልከል ይገባል?

መልስ፦ አይገባም፤ ልጅ የሚፈራው ግልጽ አደጋ በታሪክ ውስጥ ቢኖር ጉዳት የለውም። አብሮ የሚያነብ አዋቂ ግን ጎብሊኖቹ በማይዋጉበት ቀን ምን ይሠራሉ፣ ልጆቻቸውስ የት ናቸው ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መጽሐፉ ለዚህ ፍንጭ እንኳ ከሌለው፣ ደራሲው የፈጠረው ለጀግናው መሰናክል እንጂ ሕዝብ አይደለም፤ ልጁም ይህንን ልዩነት ራሱ ሊደርስበት ይችላል።