ልጄ ከጣና ዳር ቀንድ አውጣ ይለቅማል፤ ልስጋ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙም ሳንርቅ ነው። የ10 ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ሐይቁ እየወረደ ቀንድ አውጣና ዛጎል ይለቅማል። ባዶውን ዛጎል በካርቶን አጠራቅሟል። በሕይወት ያሉትን ደግሞ ሃይላንድ ቆርጦ፣ የሐይቁን ውኃ ሞልቶ መስኮት ላይ አስቀምጧቸዋል፤ እያወጣ እየመለሰ ይጫወትባቸዋል። ጎረቤቴ «ቀንድ አውጣ የነካ ልጅ ቢልሃርዚያ ይይዘዋል፤ ክረምት ላይ ግቢሽ የሚርመሰመሰውም ያው ነው፣ ጨው ነስንሺበት» አለችኝ። ሌላዋ እንዶድ አፍልቼ እንዳጠጣው መከረችኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት እግሩን አሳክኮት ሽፍ ብሎበት ነበር፤ አሁን ጠፍቶለታል። ኪኒኑን ከፋርማሲ ገዝቼ ልስጠው? (እናት፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከሁሉ በፊት ያ መስኮት ላይ ያለው ሃይላንድ ዛሬውኑ ይነሳ። ካርቶኑን ግን ለልጁ ይተዉለት፤ የደረቀ ባዶ ዛጎል ምንም አያደርገውም።

ስለ ሃይላንዱ እንዲህ የቸኮልኩት በምክንያት ነው። ተማሪ ሳለን የቢልሃርዚያን እጭ ለማየት ስንፈልግ የምናደርገው ልክ ልጅዎ ያደረገውን ነበር። ቀንድ አውጣዋን ውኃ ባለበት ብርጭቆ ከትተን አምፖል ሥር ወይም ፀሐይ ላይ እናስቀምጣታለን። በሽታው ያለባት ከሆነች፣ ብርሃኑና ሙቀቱ ሲሰማት እጮቹ ከሰውነቷ እየወጡ ውኃው ውስጥ ይበተናሉ። ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሱ ስለሆኑ በዓይን ቢያዩት ውኃው ጥርት ያለ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ግን ጭራቸው ጫፉ ላይ እንደ መንሽ ለሁለት ተከፍሎ ይታያል። እኛ ያንን ውኃ በጓንት ነበር የምንይዘው፤ ልጅዎ ጣቱን ይነክርበታል።

ሲያስወግዱት ጓንት ያድርጉ፤ ከሌለዎት ፌስታል እጅዎ ላይ ያጥልቁ። ውኃውን ከነቀንድ አውጣዎቹ አሮጌ ጣሳ ውስጥ ቀስ ብለው ይገልብጡና የፈላ ውኃ ይቸልሱበት። ሲቀዘቅዝ ደረቅ አፈር ላይ ይድፉት እንጂ ወደ ሐይቁ አይመልሱት። ልጁ ያኮርፍ ይሆናል፤ ምክንያቱን ቢነግሩት ይገባዋል። በዚህ ዕድሜ ቀንድ አውጣ ቁጭ ብሎ የሚመለከት ልጅ ሞኝ አይደለም።

ጎረቤትዎ ግማሹን እውነት ይዘዋል። ቢልሃርዚያ የትል በሽታ ነው፤ ቀንድ አውጣ በሌለበትም አይኖርም፤ የሚይዘን ግን ዛጎሉን ስለነካን ሳይሆን እጩ ያለበት ውኃ ቆዳችንን ስለነካው ነው። ነገሩ የሚጀምረው ደግሞ ከሰው ነው። ትሉ ያለበት ሰው ውኃ ዳር ሲጸዳዳ እንቁላሉ ከሰገራው ጋር ይወጣል፤ ውኃ ሲነካው ይፈለፈላል። የተፈለፈለው ነፍስ በአንድ ቀን ውስጥ የሚስማማውን ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ እውስጧ ገብቶ ይራባል፤ ወር ገደማ ሲሆን ከዚያ ከአንዱ የተነሱ በሺዎች የሚቆጠሩ እጮች መውጣት ይጀምራሉ። እነሱም ሰው ካላገኙ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ አይኖሩም፤ ካገኙ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ ሰርስረው ይገባሉ። ቁስል ወይም ጭረት አያስፈልጋቸውም። እንግዲህ ቀንድ አውጣዋም እንደ ልጅዎ ናት፤ በሽታው የደረሳት ከሌላ ሰው ነው።

ሁሉም ቀንድ አውጣ ደግሞ አንድ አይደለም። በጣና ዳርቻ የአንጀት ቢልሃርዚያን የምታስተላልፈው ባዮምፋላሪያ የምትባለው ናት። ቁመቷ ወደ ላይ የሾለ ሳይሆን እንደተጠቀለለ ገመድ ጠፍጣፋ ነው፤ ስፋቷ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከዝዋይ እስከ ወንጂ ቦዮች ድረስ ያለው ችግር ከዚሁ ዘር ነው። በአዋሽ ሸለቆ፣ በዋቢ ሸበሌና በኩርሙክ ቆላ የሚታየውን የሽንት ቢልሃርዚያ የምታስተላልፈው ደግሞ ቡሊነስ ናት፤ ሹሏን ወደ ላይ፣ አፏን ወደ እርስዎ አዙረው ቢይዟት አፏ በግራ በኩል ነው። አፏ በቀኝ የሆነ ሾጣጣ የውኃ ቀንድ አውጣም አለች። እሷ የምታስተላልፈው የከብቱንና የበጉን የጉበት ትል ነው፤ ረግረግ ዳር በግ ያሰማራ ሰው ያውቀዋል። ልጅዎን በዚህ ለይቶ እንዲነካ አያሠልጥኑት ታዲያ፤ ጠፍጣፋም ሆነች ሾጣጣ የምትኖረው እዚያው ውኃ ውስጥ ነው።

እንደ መጽሐፍ የሚከፈትና የሚዘጋ ሁለት ክዳን ያለው ዛጎልም ካርቶኑ ውስጥ ይኖር ይሆናል። እሱ ቢልሃርዚያ አያስተላልፍም። ጠርዙ እግር ይቆርጣል እንጂ ሌላ ጣጣ የለበትም።

የግቢዎ ቀንድ አውጣም ከዚህ ውጭ ነው። እሱ የየብስ ነው፤ ዓይኖቹ ረጃጅሞቹ ቀንዶች ጫፍ ላይ ናቸው። የነዚያ የውኃዎቹ ዓይን ግን ቀንዱ ሥር ነው። የግቢው ቢልሃርዚያ የለበትም፤ ጨውም አያስፈልገውም፤ ጨው የሚጎዳው ጎመንዎንና አፈሩን ነው። ልጁ ሲነካው እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ የተሳበበትን ሰላጣም በደንብ ይጠቡት። ይበቃል።

አሁን ወደ ልጁ። ውኃ ከገባ በኋላ ባለው አንድ ሁለት ቀን ውስጥ የሚመጣ ማሳከክና ሽፍታ እጩ ሲገባ የሚፈጠር ሊሆን ይችላል፤ ሌላም ምክንያት ይኖረዋል። መጥፋቱ ግን ነጻ መሆኑን አያሳይም። እጩ ከገባ በኋላ በሳንባ በኩል አልፎ ጉበት ይደርሳል፤ እዚያ አድጎ፣ ወንዱና ሴቷ ተጣምረው በአንጀት ደም ሥር ይቀመጣሉ። ወንዱ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ሰውነቱ ላይ ባለው ቦይ ሴቷን አቅፎ ይኖራል። (ትል ነው ብለን ስንንቀው ከስንቱ ትዳር የጸና አብሮነት አለው፤ የሚኖሩት በአማካይ ከ3 እስከ 5 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ እጅግ በላይ ነው።) እንቁላል ሰገራ ላይ የሚታየው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ስለሆነ የሁለት ሳምንት ልክፍት በሰገራ ምርመራ አይገኝም።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ልጁ ወደ ሐይቁ መውረድ የጀመረው ከሁለት ሳምንት በፊት አይመስለኝምና፣ የቆየ ትል ሊኖርበት ስለሚችል አሁን ሰገራው ይመርመር። አንድ ናሙና ብቻ ሊያሳስት ይችላል፤ በሁለት ወይም በሦስት የተለያዩ ቀናት ቢወስዱለት ይሻላል። «ካቶ ካትዝ» የሚባለውን ምርመራ የሚሠሩ ከሆነ እሱን ይጠይቁ። ትል ከተገኘበት ወዲያው ይታከም። ከዚያ ለመጨረሻ ጊዜ ውኃ ከገባ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሞላው ምርመራው ይደገም።

ኪኒኑን ዛሬ ገዝተው ከሰጡት ምን ይሆናል? ፕራዚኳንቴል ጥሩ መድኃኒት ነው፤ የሚሰጠውም በክብደት፣ በኪሎ 40 ሚሊ ግራም ሆኖ ነው። ልጅዎ 30 ኪሎ ቢሆን 1200 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ባለ 600 ሁለት ፍሬ ይሆናል። ነገር ግን የሚገድለው ያደገውን ትል ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት የገባውን ጨቅላ ትል አይነካውም፤ እርስዎ ታክሟል ብለው ተዘናግተው ሳለ ትሉ አድጎ እንቁላል ይጥላል። ሐኪሙ ሲያዝልዎት ምግብ አብልተው፣ ሳያኝከው በብዙ ውኃ ይዋጠው፤ ምሬቱ አፍ ላይ ከቀረ ተፍቶት ያርፋል። ከዋጠ በኋላ ሆዱን ቢቆርጠው፣ ቢያዞረው ወይም ቢያቅለሸልሸው አይደንግጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ያልፋል። ብዙ እናቶች «የወስፋት ኪኒን ሰጥቼዋለሁ» ይሉኛል። አልቤንዳዞልና ሜቤንዳዞል ለወስፋት ናቸው፤ ለቢልሃርዚያ አይሠሩም።

በነዚህ ሳምንታት ትኩሳት፣ ደረቅ ሳል፣ የሆድ ቁርጠት ወይም የሰውነት ሽፍታ ከመጣበት ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይውሰዱት፤ «ሐይቅ ሲገባ ነበር» ማለትንም አይርሱ። ይህን ካልነገሩን ትኩሳቱን ስናይ ሐሳባችን ወደ ወባና ወደ ታይፎይድ ይሄዳል። ሰገራው ላይ ደም ከታየም እንደዚሁ።

ላስፈራራዎት ፈልጌ አይደለም። አንዴ ተይዞ በጊዜው የታከመ ልጅ ይድናል። የሚጎዳው ለዓመታት ሳይታከም እየደጋገመ የሚያዘው ነው። ሴቷ ትል በቀን 300 ገደማ እንቁላል ትጥላለች፤ ከዚያ ውስጥ ግማሽ የሚሆነው ከሰገራ ጋር ሳይወጣ አንጀትና ጉበት ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል፤ ጉበቱም በዙሪያው ጠባሳ ይሠራል። ከዓመታት በፊት አንድ አሣ አጥማጅ ጎልማሳ በጣሳ የሚሰፈር ደም አስታውኮ መጣ። መጠጥ በአፉ አይዞርም። ጠባሳው የደም ዝውውሩን ዘግቶ የጉሮሮው ደም ሥር አብጦ ፈንድቶ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ውኃ ውስጥ ሲውል አንድ ቀን እንኳ ሰገራውን አልተመረመረም።

እንዶዱን በተመለከተ፦ አያጠጡት። እንዶድ ልብስ ማጠቢያ ነው፤ ሲጠጣ ያስታውካል፣ ያስቀምጣል፣ ሲበዛ ይመርዛል። ደም ሥር ውስጥ የተቀመጠውን ትልም አያወጣም። ምክሩ ከየት እንደመጣ ግን እገምታለሁ፤ እንዶድና ቢልሃርዚያ በአንድ ላይ ስማቸው የሚነሳበት የሚያኮራ ታሪክ ስላለን ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ስለዚሁ ቀንድ አውጣ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ከሌላው ቦታ ይልቅ የሞተ ቀንድ አውጣ በዝቶ አዩ። የእንዶድ ፍሬ አረፋ የሚያወጣው ነገር ቀንድ አውጣን ይገድል ነበር። በዚህ ሥራ እሳቸውና ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትም ዛሬ በዶክተር አክሊሉ ስም ይጠራል። ነገሩ የወንዙን ቀንድ አውጣ ስለመግደል እንጂ በሽተኛን ስለማጠጣት አልነበረም። እርስዎም ሐይቁ ዳር ልበትን ቢሉ እንዶድ አሣንም ይገድላል፤ የጣናን ዳርቻ ደግሞ በምን ያህል እንዶድ ይዘልቁታል?

ልጁን ከሐይቁ ጨርሶ ማራቅ ባሕር ዳር ላይ ለሚኖር ሰው የሚያዋጣ ምክር አይመስለኝም። አደጋው ያለው ዳር ላይ ነው፤ ደንገልና ሣር ያለበት፣ ውኃው ያልጠለቀና የማይፈስ፣ ሰው የሚጸዳዳበት ቦታ። ፀሐይ ጠንከር ሲል ከረፋዱ እስከ ከሰዓት በኋላ እጩ በብዛት ይወጣል፤ ጠዋት ማለዳ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ከሐይቅ የተቀዳ የገላ መታጠቢያ ውኃ ካለዎት ያፍሉት፤ አለበለዚያ ቀንድ አውጣ እንደሌለበት አይተው፣ ከድነው ሁለት ቀን ሙሉ ያሳድሩት፤ እጩ ራሱ ይሞታል። ዛጎል መልቀም ከፈለገ ደረቁ አሸዋ ላይ የተጣለውን ይልቀም፤ ለካርቶኑ የሚሆነውም እሱ ነው።

አብረውት የሚወርዱትን ልጆች እናቶችም ያነጋግሩ። ልጆች እርስ በርስ ይኮራረጃሉና፣ ሃይላንድ ያለበት መስኮት የእርስዎ ብቻ መሆኑን እጠራጠራለሁ።